ብብቱ ያልተሰፋው ልብስ

ፒተርስበርግ፣ ኅዳር 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለአባዬ ለኦቦ ጉርሙ፤

አካም ጅርቱ አባ ኮ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? በኦሮምኛ፣ በቁቤ ብጽፍ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ግን እርስዎ በፊደል ካልተጻፈ እንደማያነቡ፣ እማዬ ጮክ ብላ ስታነብልዎም ግማሹን ለራሷ እንደምታስቀር አውቃለሁ። ስለዚህ አማርኛዬ ቢወላገድ ይታገሡኝ። ጌዶ ላይ ኢንተርኔቱ እስኪከፈት ድረስ ከፖስታ የተሻለ መንገድ የለንም።

የጠየቁኝን በሙሉ ልመልስ። አዎ፣ ካፖርቱ ይሞቃል። አዎ፣ እሑድ የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን አግኝቻለሁ፤ ከናይጄሪያና ከጋና የመጡ ተማሪዎች ናቸው፣ ሲዘምሩ ጎረቤቱ ግድግዳ ይደበድባል። አይ፣ ያ ያሉት ልጅ ከእኔ ጋር ምንም የለውም። ወሬውን ማን እንዳደረሰው አውቃለሁ፤ ኤቢሳ እዚህ የመጣበትን የሕክምና ትምህርት ትቶ ወሬ መማር ጀምሯል ማለት ነው።

ትልቁ ነገር ይህ ነው። ኮሌጁ ለልምምድ የላከኝ የልብስ ስፌት ክፍል ሊቀጥረኝ ይፈልጋል። ኃላፊዋ ጋሊና ፔትሮቭና እስከ ሰኔ መጨረሻ መልስ ስጪኝ ብለውኛል። ከፈረምኩ ሦስት ዓመት እዚሁ ነኝ። ካልፈረምኩ ሐምሌ ላይ ጌዶ መጥቼ ከእርስዎ ጎን እቀመጣለሁ። ያለ ምርቃትዎ ግን አልፈርምም። ይህን የምለው ለይሉኝታ አይደለም፤ መቀስ ያስያዙኝ እርስዎ ስለሆኑ ነው።

ምን እንደምንሰፋ ጠይቀዋል። ነጭ ልብስ ነው፣ አብዛኛው። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ከጣሪያው ላይ ተገልብጠው የተሰቀሉ ነጭ ቀሚሶች አየሁና በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጋሊና ፔትሮቭና እጄን ይዘው ነው ያስገቡኝ። ስለ እሱ በሰፊው ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ልጅዎ ጊፍቲ


ጌዶ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለጊፍቲ፤

የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ከነጭቅጭቁ አለ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ካፖርቱ መሞቁ ደስ ብሎኛል። የናይጄሪያዎቹን ነገር ለእናትሽ ሳነብላት እስክትታመም ሳቀች። “ነጭ ልብስ” ያልሽው ላይ ግን ቆምኩ። ልብስ ሰፊን ምን ትሰፋለህ ሲሉት ነጭ ብሎ አይመልስም። የማን ነው? የሙሽራ ነው? የነርስ ነው? የሬሳ ነው? አንቺ ነገር ስትደብቂ ቀለሙን ትናገሪያለሽ፤ ልጅ ሆነሽም እንዲሁ ነበርሽ።

የአምቦ ባህል ቡድን ሰዎች ጨርቅ ተሸክመው ደጄ የመጡ ቀን አንቺም ሱቅ ውስጥ ነበርሽ። የሲርባ ልብስ አልሰፋም አልኳቸው። ሰዎቹ ጨዋዎች ነበሩ፣ ሻይ ጠጥተን ተለያየን። ግን አልሰፋሁም። ምእመናን ልጆቻቸውን ከጭፈራ ሜዳ እየመለሱ እኔ የጭፈራ ልብስ እየሰፋሁ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር በምን ዓይኔ እቀመጣለሁ? አንዳንዱ ይህን አጥብቀሃል ይለኛል፤ ይበል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉኛል ከኋላዬ፣ እሱንም እሰማለሁ።

የማን ልብስ እንደሆነ ጽፈሽ ላኪ። ምርቃቱን ከዚያ በኋላ እናያለን።

አባትሽ ጉርሙ


ፒተርስበርግ፣ ጥር 16 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለአባዬ፤

ይህን የሚያደርስልዎ ኤቢሳ ነው። ፈተናውን ጨርሶ ለዕረፍት ጀልዱ ወላጆቹ ዘንድ እየሄደ ነው፤ ሲመለስም መልስዎን ይዞ ይመጣል።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ጥቅል አለ። የራሴ ሥራ ነው፣ ለፈተና ብቻዬን ቆርጬ ብቻዬን የሰፋሁት። ከወገብ በላይ ያለው ክፍል ብቻ ነው የላክሁት፤ ቀሚሱን እዚህ አስቀርቻለሁ። የማን እንደሆነ በወረቀት ልነግርዎ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ፈርቻለሁ አባዬ። እርስዎን ጨርቅ ዋሽቶዎት አያውቅም፤ እኔን ከመጠየቅ እሱን ቢጠይቁት ይሻላል ብዬ ነው።

ለእማዬ የጉልበት ቅባት አለበት። አሞሌ መስሎ የታሸገው እሱ ነው፤ እንዳትቀምሰው።

ጊፍቲ


ጌዶ፣ ጥር 26 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለጊፍቲ፤

ጥቅሉ ደረሰ። እናትሽ ቅባቱን አልቀመሰችውም፣ አሽትታው ግን ነበር።

ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ መነጽሬን አደረግሁ። ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአፍታ በእጄ ልነካው ፈራሁ። ይህን ያህል ቁራጭ በአንድ ደረት ላይ የሚገጥም ሰው አይቼ አላውቅም። ከውስጥ ገለበጥኩት፤ ገበሩ ከውጭው አያንስም። ከኋላ ጋንቾው በሁለት ረድፍ ነው፣ ለወፍራምም ለቀጭንም እንዲሆን። በየስፌቱ ዳር ሊሰፋ የሚችል ትርፍ ጨርቅ ትተሻል፤ ይሄ የእኔ ትምህርት ነው፣ ደስ አለኝ።

ግን ምን ነካሽ? ሁለቱንም ብብት ሳትሰፊው ትተሽዋል። እጅጌው ከላይ ትከሻው ላይ ብቻ ተይዞ ከሥር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ለፈተና የሚቀርብ ልብስ እንዲህ ይተዋል? ቸኩለሽ ይሆናል ብዬ ራሴ ጥሩ አድርጌ ዘጋሁልሽ። እንኳን ሩሲያ የጌዶ ልብስ ሰፊም አያገኘውም።

*

ከላይ ያለውን የጻፍኩት ትናንት ነው። ዛሬ የሆነውን ልጨምር።

ሲንቄን ታውቂያታለሽ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምር፣ ጎረቤታችን ያለችው ረጅሟ ልጅ። ጋዋኗ ብብቱ ላይ ተቀዶባት ይዛ መጣች። ይኸው ስንት ዘመን ነው የመዘምራን ጋዋን እሰፋለሁ፤ ሁሉም የሚቀደደው እዚያው ላይ ነው። በዝማሬ መሃል እጅ ወደ ላይ ሲነሳ ብብቱ ይሄዳል። እጥፍ አድርጌ ሰፋሁት፣ ሄደ። ወፍራም ክር አስገባሁ፣ ጨርቁ ራሱ ሄደ። የጌታን ነገር በእጅ የሚገልጹ ሰዎች ልብስ ይቀደዳል ብዬ ትቼው ነበር።

ያንቺ ልብስ ከሲንቄ ልክ ጋር የሚቀራረብ መሰለኝና እናትሽን አልብሻት አልኳት። ከጓዳ ስትወጣ እናትሽ ራሷ አፏን ያዘች። ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች። “እስቲ ለዝማሬ እንደምታነሺው እጅሽን አንሺ” አልኳት። አነሳች፤ ልብሱ ሁለመናው ተከትሏት ወደ አንገቷ ወጣና አነቃት። ያን ጊዜ ገባኝ። መቀሴን አንስቼ የትናንት ስፌቴን በሙሉ ፈታሁት። “አሁንስ አንሺ።” እጇ ወጣ። ልብሱ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ እጇ ብቻ ብድግ አለ። ደጋግሜ አንሺ አልኳት፣ ልጅቷ ደከማት። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላው ነገር ገባኝ። ሙሽራ እጇን አጣምራ ትቀመጣለች እንጂ ወደ ሰማይ አታነሳም። ነርስም ደረቷን በዚህ ሁሉ ስፌት አታስርም። ይህን የምትለብስ ሴት ወገቧን ታዞራለች፣ ትዘላለች። የሲርባ ልብስ ነው ጊፍቲ። አባትሽ የከለከለውን ነው የምትሰፊው።

ተቆጥቻለሁ። ቁጣዬን በሙሉ ወረቀት ላይ ማስፈር አልፈለግሁም፣ ያልጻፍኩትን አንቺው አንብቢው። ልብሱን በኤቢሳ ልመልስልሽ ጠቅልዬው ነበር፤ ገና አይቼ ስላልጨረስኩ አስቀረሁት።

ጉርሙ


ፒተርስበርግ፣ የካቲት 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለአባዬ፤

ይቅር ይበሉኝ። ቢቆጡ ልክ ነዎት። ልብሱ የዳንስ ነው፤ ባሌት ይባላል፣ ቤቱም ቲያትር ቤት ነው። ከእንግዲህ ቀለሙን እየነገርኩ አልደብቅዎትም።

እዚህ ስላስቀረሁት ቀሚስም ልንገርዎ። አዎ፣ አጭር ነው። ከዳሌ ጀምሮ ወደ ጎን ተዘርግቶ ይቆማል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። እግሩ ራቁቱን አይደለም፣ ከላይ እስከ ታች በተሸመነ ነገር የተሸፈነ ነው፤ ግን ቅርጹ ይታያል፣ አልዋሽም። እኔም መጀመሪያ ስሰፋ አንገቴን አቀርቅሬ ነበር። ጋሊና ፔትሮቭና አይተውኝ ስለ ጥንቱ ነገሩኝ። ድሮ ፓሪስ ላይ ቀሚሱ ረጅም ነበር ይላሉ፣ እንደ ደወል። የዳንሰኞቹ እግር እየሠለጠነ፣ በጣት ጫፍ መቆም እየቻለ ሲሄድ፣ ያ ሁሉ ድካም በጨርቅ ተሸፍኖ እንዳይቀር ልብስ ሰፊው እያሳጠረ መጣ። እርቃን ለማሳየት ሳይሆን ሥራውን ለማሳየት ነው ብለውኛል። ያን ቀን ቀና ብዬ ሰፋሁ።

ከጆርጂያ ቡድን መጥቶ ነበር፤ የእነሱን ልብስ ስተኩስ ዋልኩ። የነሱ ሴቶች ደግሞ ቀሚሳቸው ወለል ይነካል፣ እግር የሚባል አይታይም። ከሥር ግን እግራቸው በትንንሽ እርምጃ ይሮጣል። ከፊት ሆነው ቢያዩ ሴቶቹ ቆመው መድረኩ የሚሄድ ይመስልዎታል። አንዱ አገር እግር እንዲታይ ይቆርጣል፣ አንዱ እግር እንዲረሳ ያስረዝማል። የክፍሌ ልጅ ከደቡብ ሕንድ ናት፤ የእሷ አገር የዳንስ ልብስ ከፊት ለፊቱ ፕሊሴ አለው፣ ጉልበቷን ስታጥፍ እንደ ማራገቢያ ይከፈታል፣ ስትቆም ይታጠፋል። መኝታ ቤታችን ውስጥ አሳየችኝና “ድገሚው” እያልኩ አስቸገርኳት። እርስዎ ሲንቄን እንዳደከሟት ማለት ነው።

አባዬ፣ ልብሱን አይቼ ዳንሱ የት እንደሚኖር ማወቅ ጀምሬያለሁ። እዚህ እግር ላይ ነው። ሕንዶቹ ጋ ጉልበት ላይ። የእኛዎቹ የሸዋ ሴቶች አንገትና ትከሻ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ቀሚሳቸው ወገብ ላይ ጠብቆ ታስሮ ከላይ ልቅ የሚሆነው። ይህን የሠራ ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም። ግን አስቦበታል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልዝጋ። ትርኢቱን ከመጋረጃው ጎን ቆሜ ነው የማየው። ዳንሰኛዋ ብርሃን ውስጥ ሳለች ክብደት የላትም፣ ክንድዋ ሲነሳ መተንፈስ አቆማለሁ። ሮጣ ስትወጣ እኔ ላይ ትወድቃለች፤ ጎድኗ እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ጣቷ ደም አለው። ጋንቾውን እፈታለሁ፣ ላቧን እጠርጋለሁ፣ መልሼ እቆልፋለሁ፣ ትመለሳለች። ያ ሁሉ ጭንቅ ከውጭ እንዳይታይ የሚያደርገው እኔ የሰፋሁት ልብስ ነው። የእግዚአብሔር ሥራ ሰው አካል ላይ ስንት መሆኑን እዚያ ቆሜ አየሁ፤ ይህን በቤተ ክርስቲያን ብናገር ማን ይሰማኛል? ለእርስዎ ነገርኩ።

ጊፍቲ


ጌዶ፣ መጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለጊፍቲ፤

ደህና ነን። ስለ ዳንሱ ምንም አልልም፤ አንብቤዋለሁ።

የስፌት ጥያቄ ብቻ አለኝ። አንደኛ፣ ያ የተዘረጋ ቀሚስ እንዴት ሳይወድቅ ይቆማል? ሽቦ አለው? ሁለተኛ፣ የሕንዷ ልጅ ፕሊሴ ከላይ ነው የሚያዘው ከጎን? እኔ በጋዜጣ ወረቀት ሞክሬው አልከፈት አለኝ። የጆርጂያዎቹስ ጠርዙን ሳይረግጡት እንዴት ይሮጣሉ? እናትሽ “ስለ ዳንስ አልልም ብሎ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው” ትላለች። ስፌት ነው አልኳት።

የሲንቄን ጋዋን ብብቱን ፈትቼ ሠራሁት፤ እንዳያሳፍራት ከሥር ሰፊ ቁራጭ አስገባሁበት፣ እጅጌውን ከላይ ብቻ ያዝኩት። እሑድ ሁለት መዝሙር ዘመረችበት፤ ምንም አልሆነም። ወሬው ሸነን ደረሰና የዚያ መዘምራን ለግንቦቱ ኮንፈረንስ በሙሉ እንዲህ ይሰፋልን ብለው አዘዙ። ይህን ዘዴ ከየት ተማርከው ሲሉኝ “ከሩቅ” አልኳቸው።

ይህቺ “ከሩቅ” የምትለዋ ቃል ከዚያ ወዲህ እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆማለች። ለማንኛውም ጥያቄዎቹን መልሺልኝ።

ጉርሙ


ፒተርስበርግ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለአባዬ፤

ሽቦ ብዙም የለውም። መረብ መሰሉ ጨርቅ፣ ቱል ነው፣ በላይ በላይ የተደረደረ። ከሁሉ በታች ያለው በጣም አጭርና ደረቅ ነው፤ ከእሱ በላይ ያለው ትንሽ ይረዝማል፣ እንዲህ እያለ እስከ ላይኛው ይሄዳል። ትንሹ ትልቁን ይሸከመዋል። ከዚያ ሁሉንም በልቅ ክር እያያያዝን እንሰፋዋለን፤ ጠበቅ ካደረጉት ይሞታል፣ ከተዉት ይወድቃል። ስንሰቅለውም ገልብጠን ነው፣ ወደ ታች ማዘንበል እንዳይለምድ። ፕሊሴው ከሁለቱም ጎን ከሱሪው እግር ጋር ይያዛል፤ ጋዜጣውን በሁለት እርሳስ ላይ ለጥፈው ይሞክሩት። ጆርጂያዎቹን ጠየቅኋቸው፣ ሳቁ። ከልጅነት ጀምረው ነው የሚለምዱት፣ ስፌት አይደለም።

አሁን የእኔን ልናገር። ጋሊና ፔትሮቭና ደግመው ጠይቀውኛል። ቦታውን የሚጠብቁ ሌሎች ልጆች አሉ። ከእርስዎ ቃል ካልመጣ አልፈርምም፤ ዝምታዎን እምቢታ አድርጌ ሻንጣዬን አዘጋጃለሁ። ጌዶ መምጣት ቅጣት አይሆንብኝም። ሲንጀሩንም ወንበሩንም እወዳለሁ። ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ለዚያች ዳንሰኛ ጋንቾ ሲፈታላት በሐሳቤ አያለሁ፤ ይህን ብደብቅዎ መልሼ ዋሸሁ ማለት ነው።

ስለ “ከሩቅ” ግን አንድ ነገር ልለምንዎ። ለእኔ ብለው አይዋሹ። ስሜን ማንሳት ከከበደዎ ጋዋኑን አይስፉት። ከሰፉት ደግሞ ከማን እንደሆነ ይናገሩ።

ጊፍቲ


ጌዶ፣ ግንቦት 27 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለጊፍቲ፤

ይህን አምቦ ወርጄ በፈጣን ፖስታ እልከዋለሁ፣ ሰኔ ሳያልቅ እንዲደርስሽ። መልሴ የዘገየው እምቢ ብዬ አይደለም። የሸነኑን ነገር ሳልጨርስ ልጽፍልሽ አልቻልኩም።

ጋዋኖቹን ራሴ ተሸክሜ ሄድኩ። የጌዶና የሸነን ሽማግሌዎች ከስብሰባው በፊት ሻይ ላይ ነበርን። ኦቦ ቀነዓ አንዱን ጋዋን አገላብጦ አየ፣ እጁን በብብቱ አስገብቶ አወጣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ማወቅ ፈልጎ ነው። “ጉርሙ፣ ይሄንን ብልሃት ከየት አመጣኸው?” አለኝ። ከሩቅ የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት። “ልጄ ናት ያስተማረችኝ” አልኩ። “ሩሲያ አገር ለዳንሰኞች ልብስ ትሰፋለች። ይሄ የዳንሰኛ ልብስ ብብት ነው።”

ሻይ የሚያነሳ ጠፋ። ኦቦ ቀነዓ “ፋብሪካ ነው የምትሠራው አላልከንም?” አለኝ። ብዬ ነበር አልኩት። “አንተ የባህል ቡድኑን ከደጅህ የመለስክ ሰው?” አለ። እኔ ነኝ አልኩት። መከራከር አልፈለግሁም፤ እነሱ ያሉትን ሁሉ እኔው ስል የኖርኩት ነው። ከወጡ ከገቡ በኋላ፣ በፍቅር፣ ለጊዜው ከሽማግሌነት አረፍ በል አሉኝ። እሺ አልኩ። ጋዋኖቹን ይመልሱልኝ ይሆናል ብዬ ዞር ስል ግን መዘምራኑ ለብሰዋቸዋል።

የሽማግሌዎች ቦታ መድረኩ ላይ ከመዘምራኑ ኋላ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የሰፋሁትን ጀርባ ብቻ ነው ሳይ የኖርኩት። በዚያን ቀን በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር ተቀመጥኩ። መዝሙሩ ከፍ ሲል ሁሉም በአንድ ላይ እጃቸውን አነሱ። ጊፍቲ፣ ልብሱ አልተነሳም። እጅ ብቻ ወጣ፣ ያ ሁሉ እጅ። አንድም ሰው ብብቱን የሚሸሽግ፣ በከፊል አንስቶ የሚመልስ አልነበረም። እንደዚያ እስከ ላይ ሲያነሱ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ለካ እስከ ዛሬ ልብሱን እየፈሩ ነበር። ለካ የእኔ ስፌት ነበር የያዛቸው። አለቀስኩ፣ አጠገቤ ያለችው ሴት ነጠላዋን ሰጠችኝ።

እናትሽ ደህና ናት። ስለ ሽማግሌነቱ ወንበር ስነግራት “ጎሽ፣ ወገብህም ያርፋል” አለችኝ፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ቆየች። ኤቢሳ ዳግም ሲመጣ ቀሚሱን ስጪው፤ ሙሉውን ልየው።

ዳንሱ አሁንም አልገባኝም፣ ገባኝ ብዬ አልዋሽሽም። የሰፋሽውን ግን አይቻለሁ። እጅሽ አይዛል። ዓይንሽ አይድከም። ያለበስሻት ልጅ ትዝለል፣ በደህናም ትረፍ።

ፈርሚ።

አባትሽ ጉርሙ